ባዶውን ቦርሳ ገልብጦ ማሳየት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሞጣ ባለው መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ሽኝት ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ በመስተዋት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፣ ኬክና ለስላሳ ቀረበ። ከዚያ ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ተነሡና ስለ እኔ ተናገሩ። «ወይዘሮ እናኑ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ታዛዥ፣ ትሑት፣ የታዘዙትን ሳያጓድሉ የሚፈጽሙ ሠራተኛ ነበሩ» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም የጋቢዬን ጫፍ ይዤ ዝም አልኩ፤ የሽኝት ንግግር በሰው ፊት አይታረምም።

እዚህ ግን አርመዋለሁ። ታዛዥ አልነበርኩም። ይህን ደግሞ አቶ ደረጀ ከማንም በላይ ያውቁታል። ያጥፉት ያሉኝን ፕሮግራም አላጠፋሁም፤ ይፈርሙ ያሉኝን ቃለ ጉባኤም አልፈረምኩም። ሁለቱንም ዛሬ ቢጠይቁኝ ያኔ ያልኩትን እደግመዋለሁ።

ፕሮግራሙ ራሴ የጻፍኩት ነው። በየማለዳው የመሥሪያ ቤቱን የኢሜይል ሳጥን ሰው ሳይነካው ከፍቶ ምን እንደመጣ ያያል። በእሱ ምክንያት አንዲት ነርስ ወደ ልጇ የምትሄድበት ዝውውር አምልጧታል። ይህን አውቄ ነው አላጠፋም ያልኩት። ለምን እንዳልኩ ለማስረዳት ግን ከቢቸና መነሣት አለብኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ሥራ የጀመርኩትም እዚያው፣ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ። ክፍላችን ጠባብ ነበረች። መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል፤ ላይኛው ላይ ያለውን ፋይል ለማውረድ ወንበር ላይ መቆም የግድ ነው። ደመወዜ ትንሽ ስለነበረች ስለ እሷ የምለው የለኝም። ኃላፊዬ ግን ጋሽ ሙሉነህ ነበሩ፤ ስለ እሳቸው የምለው ብዙ ነው።

ጋሽ ሙሉነህ በበጋም በክረምትም ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ አያወሩም። ወረቀት ከመብሳታቸው በፊት አራቱን ጠርዝ በጠረጴዛው ላይ እየመቱ ያስተካክላሉ። ማኅተም ሲያሳርፉ መጀመሪያ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ይሞክሩታል፤ ቀለሙ ካነሰ አንድ ጊዜ፣ ከበዛ ሁለት ጊዜ። የፋይል ክር ሲያስሩ ማንም በቀላሉ እንዲፈታው አድርገው ነው። አንድ ቀን አጥብቄ ባስር «ይህን ነገ የሚፈታው ሰው ምን በደለሽ?» አሉኝ።

ከኃላፊነታቸው ጋር የማይሄድ አንድ ሥራም ነበራቸው። ፖስታ የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ተላላኪ እያለ። የቆዳ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ፖስታ ቤት ይሄዳሉ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ሳጥን ከፍተው ይመለሳሉ። ደብዳቤ ካለ ለየባለቤቱ ያድላሉ። የሚገርመው ግን ምንም በሌለ ቀን የሚያደርጉት ነው። ያን ቀንም በየክፍሉ ይገቡና ቦርሳውን ገልብጠው በሰዉ ፊት ያራግፉታል። አቧራ፣ የወረቀት ብጣሽ፣ አልፎ አልፎም የላስቲክ ማሰሪያ ወለሉ ላይ ይወድቃል። «ሄጃለሁ፤ የለም» ይሉና ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋሉ።

የሒሳብ ክፍል ሰዎች ይቀልዱባቸው ነበር። «ጋሽ ሙሉነህ፣ ዛሬስ ምን አራገፉልን?» ይሏቸዋል። እኔ ቀልዱ አልታየኝም፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩና አናደደኝ።

«ጋሼ፣ የለም ካሉ ሰዉ ያምንዎታል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን። «ማራገፉ ለምንድን ነው?»

«በምን ያምነኛል?»

«ውሸታም እንዳልሆኑ ስለሚያውቅ ነዋ።»

«በይ ስሚ» አሉ ቦርሳውን ሚስማሩ ላይ እየሰቀሉ። «የሄደ ሰውም ‘የለም’ ይላል፤ ሳይሄድ መንገድ ላይ ወሬ የያዘም ሰው ‘የለም’ ይላል። ቃላቸው አንድ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የሹመት ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ የልጁን መርዶ የሚፈራም ሰው አለ። የሄድኩ መሆኔን እንዲያይ ነው የማራግፍለት። አንቺ አቧራው ከከበደሽ መጥረጊያውን ወዲህ በይው።»

መጥረጊያውን አልሰጠኋቸውም፤ መነጫነጭ ግን ተውኩ። ኋላ ባለቤቴ አስተማሪ ነበርና ሞጣ ሲመደብ እኔም ዝውውር ጠይቄ ተከተልኩት። ስንሰነባበት ቦርሳውን ለማስታወሻ ይሰጡኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልሰጡኝም፤ ገና እየሠሩበት ነበር።

ሞጣ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት በወረዳው ያሉ ጤና ሠራተኞችን ጉዳይ የሚያይ ነው። ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከደቡብ። ጽሕፈት ቤቱ ገበያ መንገድ ላይ ስለሆነ በገበያ ቀን ግቢው በሰው ይሞላል። ከቆላው ጤና ጣቢያ ጤፍ ሊሸምቱ የሚወጡ ነርሶች መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ዝውውር መጥቷል ወይ?

ዝውውር ለእነሱ ምን እንደሆነ ውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ላይገባው ይችላል። ባል አንድ ጫፍ፣ ሚስት ሌላ ጫፍ ነው። ልጅ ከአያቱ ጋር ያድጋል፤ እናቱን በስልክ ያውቃታል። አንዱ ቦታ ሲለቀቅ ተራው የደረሰው ይጠራል። ጥሪው ደግሞ ቀነ ገደብ አለው፤ በጊዜው «ተቀብያለሁ» ካላልክ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።

ድሮ ጥሪው በደብዳቤ ይመጣ ነበር። ከዚያ ኢሜይል መጣና ሁሉ ነገር በእሱ ሆነ። መሥሪያ ቤታችንም በነፃ የሚገኘውን፣ በድረ ገጽ የሚከፈተውን የኢሜይል ሳጥን አወጣ። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጠፈ። የሁሉም ነው ተባለ፤ ስለዚህ የማንም አልሆነም። ጊዜ ያገኘ ይከፍተዋል። የራሱን ጉዳይ ፈልጎ የሌላውን መልእክት ከፍቶ ይተወዋል። ያልተነበበ መልእክት በደማቅ ይጻፋል፤ አንዴ ከተከፈተ ይፈዝዛል። ከኋላ የሚመጣው ሰው የፈዘዘውን ሲያይ ጉዳዩ አልቋል ብሎ ያልፋል። በዚህ መንገድ ስንት ሰው ተራው እንዳመለጠው አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። ባለጉዳዩ መጥቶ ሲጠይቅ መልሱ ያው ነው። «ሲስተም የለም።»

ይህን ቃል እንደምጠላው የምጠላው ነገር የለም። ሰው ምሳ ሄዶ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ቁልፍ ጠፍቶ «ሲስተም የለም» ይባላል። የሚጮህበት ሰው ስለሌለው ባለጉዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እኔ ግን ቢቸና ያደግሁት ማን እንደሄደና ማን እንዳልሄደ በሚታይበት ቤት ነው፤ አልዋጥልኝ አለ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ባሕር ዳር እየተመላለስኩ የኮምፒውተር ትምህርት ተማርኩ። ከክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ፤ ደንታ አልሰጠኝም። አንድ ቀን መምህሩ ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጽፎ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ስም ሞልቶ፣ ገብቶ፣ ያለውን አንብቦ ሲወጣ አሳየን። ሌሎቹ ስልካቸውን ሲነካኩ እኔ እጄን አወጣሁ። «ይሄ ነገር ኢሜይል ይከፍታል?» አልኩት። «የይለፍ ቃሉን ካወቀ ማንኛውንም ይከፍታል» አለኝ።

ምስጢሩ ቀላል ነው። በሙያው ላይብረሪ የሚሉት ነገር አለ፤ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ እኛ እየጠራን የምንጠቀምበት የትእዛዝ ስብስብ ነው። እኔ የተጠቀምኩበት ላይብረሪ እንደ ሰው ሆኖ ድረ ገጽ የሚጎበኝ ነው። ይህን አድራሻ ክፈት፣ ስም የሚጻፍበትን ሳጥን ፈልግ፣ ሙላ፣ ቁልፉን ተጫን ትለዋለህ፤ ያደርጋል። ድረ ገጹ አንዴ ካስገባህ በኋላ የማለፊያ ምልክት ይሰጥሃል፤ እሱን ካልያዝክ በየገጹ እንደ አዲስ ማን ነህ ትባላለህ። ላይብረሪው ያንንም ይይዝልሃል። የቀረው የኔ ሥራ ነበር።

የኔ ሥራ ጣጣው ብዙ ነው። መልእክቱን ከከፈተው ይፈዝዛልና ርእሱን ብቻ ከውጭ እንዲያነብ አደረግሁት። ቶሎ ቶሎ ከገባ ሳጥኑ ሌባ መጣ ብሎ ይቆልፋልና በመሀል እንዲያርፍ አዘዝኩት። ከላይ የሚጽፉልን ሰዎች «ዝውውር» የሚለውን እንደየአመላቸው ስለሚጽፉት ያየሁትን አጻጻፍ ሁሉ አስተማርኩት። የይለፍ ቃሉን ከተለጠፈበት ገንጥዬ አዲስ አወጣሁና ሌላ ሰው በማይከፍተው ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩ። ከእኔ ሌላ ያወቀችው ሳጥኑን በእጅ ከፍታ የምታይልኝ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። በዚህ የተነሣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ለወራት አኮረፉኝ።

ሠራ። ጠዋት ቢሮ ስገባ የመጣው ዝውውር ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይጠብቀኛል፤ ከሌለም «አዲስ የለም» ይላል። መልእክቱ ሲኖር ለባለቤቱ እደውላለሁ። ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። አቶ ደረጀም በየስብሰባው «ዘመናዊ አሠራራችን» እያሉ ያወሩለት ነበር።

ሲስተር ሐያት የምትሠራው ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ባሏና ልጇ እዚያው ኮምቦልቻ ነበሩ። ልጅቷን ጡት እንዳስጣለቻት ጥላት ነው የመጣችው። ስልክ ለመደወል ከጤና ጣቢያው በላይ ያለ ጉብታ ላይ መውጣት ነበረባት፤ ስታናግረኝ ነፋሱ ይሰማኛል። ኮምቦልቻ አንድ ቦታ ተለቅቆ ተራው የእሷ እንደሆነ በወሬ ሰምታ ስለነበር በዚያ ሰሞን በየቀኑ ትደውላለች።

«እትዬ እናኑ፣ እንዴት አደሩ? መጣ ይሆን?»

«የለም ሐያትዬ።»

«ደህና አድርገው አዩት?»

«አይቻለሁ፤ የለም። ሲመጣ እኔው እደውልልሻለሁ፣ ጉብታውን አትመላለሺበት» እላታለሁ፣ አፌን ሞልቼ።

ከሳምንት በላይ እንዲህ አልኳት። በኋላ ደወለች። ነፋሱ ነበር፤ እንዴት አደሩ ግን አላለችኝም። «ኮምቦልቻ ሌላ ሰው ገባበት» አለችኝ። «ባለቤቴ ሄዶ ጠየቀ። ተጠርታ አልመለሰችም ነው ያሉት።»

ሳጥኑን በእጄ ከፈትኩት። ስምና የይለፍ ቃል ሞልቼ ስገባ ሳጥኑ አልመጣም፤ ከዚያ በፊት ያላየሁት ገጽ መጣ። «ስልክ ቁጥርዎን ያረጋግጡ» ይላል፤ ከታች «ሌላ ጊዜ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስጫን ሳጥኑ ተከፈተ። የሐያት ጥሪ እዚያ ውስጥ በደማቅ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ቀነ ገደቡ አልፏል።

የሆነው እንዲህ ነው። የድረ ገጹ ባለቤቶች መሀል ላይ አንድ ገጽ ጨመሩ። ፕሮግራሜ እዚያ ገጽ ላይ ይደርሳል፣ ገብቻለሁ ብሎ ያስባል፣ መልእክት ይፈልጋል፣ አንድም አያገኝም። እኔ ያስተማርኩት ሁለት መልስ ብቻ ነው፤ ካገኘህ ቁጠር፣ ካላገኘህ «አዲስ የለም» በል። እሱም ደጅ ቆሞ በየቀኑ «አዲስ የለም» አለ። እኔም ተቀብዬ ለእናቲቱ አስተላለፍኩ። ያን ቀን እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ።

ስብሰባ ተጠራ። ሐያት ከቆላው በጭነት መኪና ጋቢና ወጥታ መጣች፤ ሻርፗ ላይ የመንገዱ አቧራ እንዳለ ነበር። አቶ ደረጀ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር እንዲበርድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ቃለ ጉባኤው አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

«እንግዲህ ወይዘሮ እናኑ፣ ነገሩን አናካብደው» አሉ። «የሲስተም ችግር ተፈጥሯል ብለን ጽፈናል። ፕሮግራሙን ያጥፉትና ወደ ቀድሞው አሠራር እንመለስ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«የሲስተም ችግር የሚባል ሰው እዚህ መሥሪያ ቤት አላውቅም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የለም ያልኳትም እኔ ነኝ፤ ስሜ ይጻፍ። የመሥሪያ ቤቱን ሳጥን ከእኔ በቀር የሚያየው ሰው እንዳይኖር ያደረገም አለ፤ የእሱም ይጻፍ።»

ሰውየውን ሁሉም ያውቁታል፤ ራሳቸው አቶ ደረጀ ናቸው። ፕሮግራሙ ካለ ሰው አያስፈልግም ብለው ሳጥኑን በእጅ ታይልኝ የነበረችውን ሠራተኛ ወደ ግዢ ክፍል የወሰዷት እሳቸው ነበሩ። ፊታቸው ቀላ።

«እሺ፣ እሱን እንተወው» አሉ። «እውነቱን እንነጋገር። ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ገጽ ሲያይ ‘ይሄ ምንድን ነው?’ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ማሽን አይጠይቅም።»

«እውነት ነው፤ ይጠይቅ ነበር። ከከፈተው። እስቲ እዚህ ያለነው እንነጋገር፤ ፕሮግራሙ ሳይመጣ ማን ነው በየቀኑ ይከፍተው የነበረው?»

ያኔ ሐያት ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ የምታየውም እኔን ብቻ ነው።

«እትዬ እናኑ፣ ስደውልልዎ የለም አሉኝ። ምን አይተው ነው የለም ያሉኝ?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ እንዲህ ያለ አልገጠመኝም። ያየሁት ስክሪን ላይ የተጻፈ ቃል ነው። ቃሉን የጻፈው ደጅ የቆመ ነገር ነው።

«ምንም አላየሁም» አልኳት። «ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታዎ ልጄን አያሳድግልኝም፤ አልፈልገውም» አለች። ከዚያ ወደ አቶ ደረጀ ዞረች። «እሱን ነገር ደግሞ እንዳታጠፉት። እኔ ያለሁበት ኢንተርኔት የለም፤ ሲጠፋ ማን ሊያይልኝ ነው? እናንተ? ወላሂ አንዳችሁም አታዩልኝም። እሳቸው ያስተካክሉት። ከእንግዲህ የለም ሲሉኝ ያዩትን ይንገሩኝ።»

ተነሥታ ወጣች። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ቀረ። አቶ ደረጀ ሰዉ ሲበተን ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ካላጠፉት ከትእዛዜ ውጭ መሆኑን ይወቁት» አሉኝ። «በስሜ ይመዝገብ» አልኳቸው።

እሑድ ቢቸና ሄድኩ። ጋሽ ሙሉነህ ጡረታ ወጥተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ከቤታቸው በራፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ኮታቸውን ለብሰዋል። ሁሉን ነገርኳቸው። ኮምፒውተሩ ብዙም አልገባቸውም፤ ሐያት የጠየቀችኝን ስነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ያ ያንቺ ነገር ሲመለስ የሚያራግፈው አለው?» አሉኝ።

«ባዶ ከሆነ ምን ያራግፋል ጋሼ?»

«የኔስ ባዶ አልነበረም እንዴ? አቧራ ይወድቅ ነበር። አንቺ አይደለሽ የጠረግሽው?»

እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሲመለስ ከውስጥ ይዞት የሚመጣ አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር። ሞጣ እንደተመለስኩ መጀመሪያ አዲሱን ገጽ ማለፍ አስተማርኩት። ከዚያ ማታ ማታ ፕሮግራሙ ለዚያው ሳጥን፣ ለራሱ፣ አጭር መልእክት እንዲልክ አደረግሁት። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን መልእክት ነው። ካገኛት በእርግጥ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ከእሷ ሌላ ከሌለ በእርግጥ የለም። ካላገኛት ግን የለም ማለት አይችልም፤ ከለከልኩት። ሦስተኛ መልስ ሰጠሁት፤ «አልገባሁም።» መልሱም በኔ ስክሪን ላይ ብቻ እንዲቀር አልፈለግሁም። ዝውውር ለሚጠብቁት ሁሉ በየማለዳው ከኮምፒውተሩ ጋር በተያያዘ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲደርሳቸው አደረግሁ። እንዲህ ይላል። «ገብቻለሁ። ማታ የላክሁትን አግኝቻለሁ። አዲስ የለም።»

አቶ ደረጀ «በየቀኑ የለም እያሉ ሰው ማሰልቸት ምን ይሉታል?» አሉኝ። የቢቸናዎቹን የሒሳብ ክፍል ሰዎች አስታወሱኝ።

ጥቂት ቆይቶ ኢንተርኔት የጠፋበት ማለዳ መጣ። ያን ቀን ለሁሉም የደረሳቸው «አልገባሁም። በእጅ ይታይ» የሚል ነው። ስልኬ ሲጮህ ዋለ። አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ አመሰገነ። ከስብሰባው ወዲህ አንድ ቃል ተንፍሳልኝ ከማታውቀው ከሐያት ግን ከጉብታው ላይ አንድ ቃል መጣ። «እሺ።»

ከአንድ ዓመት በላይ በየማለዳው «የለም» እየተባለች ኖረች። በበዓሏም፣ በልጇ ልደት ቀንም «የለም» ደረሳት። እኔም መልእክቱን ማቋረጥ አላሰብኩም። ውሸት አልነበረም።

ከዚያ አንድ ማለዳ ቢሮ ስገባ ስክሪኑ ላይ ስሟ አለ። ሳልቀመጥ ደወልኩላት።

«አለ ሐያትዬ።»

«ምን አይተው ነው?» አለችኝ ወዲያው።

መልእክቱን ከፍቼ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ፣ የምትመደብበትን፣ ቀነ ገደቡን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። መልሷን ያንኑ ሰዓት ጻፍኩ፤ መድረሱንም በስልክ ደውዬ አረጋገጥኩ።

ስትሄድ በሞጣ በኩል ነበር፤ መናኸሪያ ሄጄ ሸኘኋት። ጓዟን ሚኒባሱ ላይ ሲጭኑ አጠገቤ ቆማ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ልትገባ ስትል ግን ዞር ብላ «ቁጥሬን ከየማለዳው መልእክት እንዳያወጡት» አለችኝ።

«አንቺ እኮ አሁን የምትጠብቂው የለሽም።»

«የለኝም። ግን አንድ ቀን ዝም ቢል የሚያውቅ ሰው ይኑር።»

አላወጣሁትም።

ይህ ሁሉ በአቶ ደረጀ የሽኝት ንግግር ውስጥ የለም። ጡረታ ወጥቼ ባለቤቴን ይዤ ቢቸና ተመለስኩ። ፕሮግራሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚጠገን ሁሉን አሳይቼ፣ አስረክቤ ነው የወጣሁት። የራሴንም ስልክ ቁጥር ከሚጠባበቁት መሀል አስገብቼ ነበር። ጋሽ ሙሉነህ ከዚያ በፊት አርፈዋል። ቦርሳቸው የት እንደደረሰ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ስልኬ ዝም አለች። የለምም፣ አልገባሁምም አልመጣም። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁ። ገና እያየሁት ስልኩ ጠራ፤ ከኮምቦልቻ ነው።

«እትዬ እናኑ፣ ዛሬ ዝም አለ» አለች ሐያት። ከኋላዋ የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ነፋስ የለም።

«እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሞጣም ደውያለሁ። አጥፍተውታል። እርስዎም ይወቁት ብዬ ነው።»

ፀሐይ ከፍ ስትል አቶ ደረጀ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል።

«ወይዘሮ እናኑ፣ አዲስ አሠራር ሊገባ ነው ስለተባለ ያንን ነገር አስቁመነው ነበር። አሁን ሰዉ ስልክ አላስቀምጥ አለን። ከየጤና ጣቢያው ይደውላሉ።»

«ምን ይላሉ?»

«‘ዛሬ ገብታችኋል ወይ?’ ነው የሚሉት።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«እንግዲህ ሲስተ…» ብለው ዋጡት።

ሳልቸኩል ጋቢዬን ደረብኩ፤ እሳቸው ያለበሱኝ ያው ጋቢ ነው። «አዲሱ እስኪገባ ድረስ አሮጌው ይሂድ» አልኳቸው። «አዲሱም ሲገባ ባዶውን ካላሳየ እነዚህ ሰዎች አይለቁዎትም፤ እኔም አልለቅዎትም። በሉ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡ።» ተቀመጡ። የምላቸውን አንድ በአንድ ሲጽፉ የቁልፎቹ ድምፅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ታዛዥ ሰው ሆነው ዋሉ።

በማግሥቱ ማለዳ ቢቸና ቤቴ በራፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸች። «ገብቻለሁ። ማታ የላክሁትን አግኝቻለሁ። አዲስ የለም» ይላል። ወዲያው ከኮምቦልቻ ሌላ መልእክት ተከተለ፤ አንድ ቃል ነው።

«አየሁ።»